ዲ የሌለው ቤት

ኮምፒዩተሩ ምላሱን አወጣ። ቁልፏን የተጫናት ሃይላይ ነው፤ የሲዲ መክተቻው እየተንገራገጨ ወጣና ሐኪም ፊት አፉን እንደ ከፈተ ሕፃን እዚያው ተገትሮ ቀረ።

«ያውላችሁ!» አለ ሃይላይ ጣቱን እየቀሰረ። «ዲስክ ነው የፈለገው። ራሱ ጽፎታል እኮ!»

እውነቱን ነው፣ ጽፎታል። ስክሪኑ መሀል ላይ አንዲት ግራጫ ሳጥን ቁጭ ብላ በእንግሊዝኛ፣ በዲ ውስጥ ዲስክ የለም፣ እባክዎ ዲስክ ያስገቡ ትላለች። ረምላ ይህችን ሳጥን አሥር ጊዜ ዘግታታለች፤ አሥር ጊዜ ተመልሳ መጥታለች። ስምንት ወር ሙሉ የለፋችበት ፕሮግራም፣ የግቢው ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ ሊያየው የተኮለኮለለት ፕሮግራም፣ ዲስክ ካላመጣችሁልኝ ወይ ፍንክች ብሏል።

«የምን ዲስክ ነው ጓለይ?» አሉ ወይዘሮ ኣበራሽ። የግቢው ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ መቀሌ፣ ሓድነት ውስጥ ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ጉድ የሚያህለውን ብረት ድስት ከእሳቸው ነው የሚከራየው፤ ፕሮግራሙም የኪራዩን መዝገብ ሊይዝላቸው ነው። ከልጃቸው የምታንስ ሴትን ሁሉ በትግርኛ «ልጄ» እያሉ ይጠራሉ፤ በስም የጠሩ ዕለት ግን ነገር አለ። «እስከ ዛሬ ስለ ዲስክ አንስተሽልኝ አታውቂም።»

«አንዴ ይታገሡኝ ኣደይ ኣበራሽ፣ አንድ ደቂቃ» አለች ረምላ፤ ኣደይ፣ እናቴ ማለቷ ነው።

አንድ ደቂቃ ግን ከሃይላይ ዘንድ አይገኝም። የኪራይ ዕቃውን በአይሱዙ የሚያመላልስ ሾፌር ነውና ወደ መኪናው ሮጠ፤ ከጋቢናው አንድ ሲዲ አንስቶ፣ በሸሚዙ ጠርዝ ወልወል አድርጎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ከተተው። ኮምፒዩተሩ ጥቂት አጉረመረመ። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ካሉት ሁለት ስፒከሮች የወጣው የሠርግ ከበሮ ግቢውን ሞላው።

አቤት የዚያን ጊዜ! ድንኳን ሲያጥፉ የነበሩት ልጆች ሸራውን ጥለው በክብ ተሰለፉ። ትከሻ ተነሣ፤ እግር ተነሣ። የጠረጴዛ ልብስ የምታጥበው ሴት ክንዷ ላይ አረፋው እንዳለ እልልታዋን አቀለጠችው። ሃይላይም ዲስኩ የእሱ ነውና ፊት ሆኖ እየመራ ጓይላውን በወንበሩ ክምር ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዞረው። ወይዘሮ ኣበራሽ ሳቅ አሸንፏቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ኧረ ይሄስ ደስ የሚል ፕሮግራም ነው! ግን ጓለይ፣ ዘፈኑንስ ሬዲዮም ይዘፍንልኝ ነበር» አሉ።

ረምላም ሳቀች፤ ምን ታድርግ? የጥርስ ሳቅ ነበር።

በሩ አጠገብ፣ በተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ አባቷ ጀላሉ ተቀምጠዋል። አልሳቁም፤ አላጨበጨቡም። ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አላነሡም። ጀላሉ ከኮምቦልቻ መጥተው መቀሌ ገበያ ውስጥ ጫማ መሸጥ ከጀመሩ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ረምላ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡት ለጨዋታ አይደለም፤ የገቡት ቃል ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቷ አብዱልወዱድ ኮምቦልቻ ላይ የተንጣለለ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ «ልጂቱ ኮምፒዩተር ላይ ከምታፈጥ ትምጣና ሱቁን ትያዝልኝ» ማለት ከጀመረ ዓመት ሞልቶታል። ጀላሉ ልጃቸውን ማስገደድ አልወደዱም፤ ወንድማቸውንም ማስቀየም አልወደዱም። እንደ ሽማግሌ መሀል ለመሀል ቆረጡት። «ጥር ሳይወጣ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በሠራሽው ነገር ሥራውን ከሠራበት የሱቄ የጓሮ ክፍል ያንቺ ነው፤ ጠረጴዛም አስገባልሻለሁ። ካልሆነ ግን ሰኞ ኮምቦልቻ ትሄጃለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።» ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጥር ሃያ ስምንት ቀን 2001። ረምላ መቀሌን ትወዳለች። ይህን ሥራ ደግሞ ከመውደድም አልፋ፣ እንቅልፏ ውስጥ ሳይቀር እየሠራችው ነው የምትነቃ። ጨርቅ እየለካች መኖርን ልታስበው እንኳ አትፈልግም።

ጓይላው ሲበርድ ሲዲውን አወጣች፤ መክተቻውን በጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለላት። በድንጋጤ ክው አለች። በማውዙ የኮምፒዩተሩን ሆድ፣ ፋይል የሚቀመጥባቸውን ክፍሎች፣ ከፍታ አየች። ሲ አለ። ዲም አለ። ግን እዚህ ቤት ዲ ማለት ይኸው ምላሱ ነው፤ ሌላ ዲ የለም።

ይህ ለምን እንዳስደነገጣት ለማወቅ መምህር ሔሩይን ማወቅ ያስፈልጋል። ሔሩይ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ መሀል ከተማ አንድ ፎቅ ላይ አሥራ ስምንት ኮምፒዩተር ያለው ማሠልጠኛ ያስተዳድራል። ተማሪ ያገኘውን ሁሉ ይነካካልና፣ ሔሩይ የማሽኖቹን ሲ በሙሉ ቆልፎታል። ቀን ሲ ላይ ያስቀመጡት ነገር ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ድራሹ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ዲ ላይ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ትምህርት ማውዝም ኪቦርድም አይደለም። «ሲ የእንግዳ ማረፊያ ናት፤ ቤታችሁ ዲ ናት» የሚለው ነው። ረምላ ተማሪ ሳለች የሁለት ሳምንት ሥራዋን ሲ ላይ ትታ ሄዳ፣ በማግሥቱ መጥታ ያጣችው ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ እጇ ሳታዝዘው ወደ ዲ ይሄዳል። ተመርቃ እዚያው ረዳት አስተማሪ ስትሆንም፣ ትርፍ ሰዓቷን ሰብስባ ይህን ፕሮግራም ስትሠራም፣ ማዋቀሪያ ፋይሏን ያስቀመጠችው ዲ ላይ ነው።

ማዋቀሪያ ፋይል ትንሽ ነገር ናት፤ ስምንት መስመር አትሞላም። የድንኳኖቹ ዝርዝር የት እንደ ተቀመጠ፣ በስክሪኑ አናት የማን ስም እንደሚጻፍ፣ ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር የምትናገር ናት። ፕሮግራሙ ሲነሣ አስቀድሞ እሷን ያነባል፤ ካጣት ዕውር ነው። የረምላ ፕሮግራም ደግሞ እሷን የሚፈልግበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ዲ።

«አምስት ማሽን ላይ ሞክሬዋለሁ እኮ!» አለች በሆዷ። አዎ፣ ሞክራለች፤ አምስቱም የሔሩይ ናቸው። የአንድ እናት ልጆችን ጠይቆ አገሩ ሁሉ መሰከረልኝ እንዳለ ሰው ሆነች።

ከብረት ድስቶቹ ጀርባ ዞር ብላ ስልክ ደወለች፤ ዘፈኑ ያላጠገባቸው ልጆች ገና ድስት ይደበድባሉ።

«መምህር፣ ዲ የለም።»

«እንዴት ነው ዲ የማይኖረው?»

«ዲ ሲዲ ነው።»

ሔሩይ እስኪያስለው ሳቀ። «እና ያ የምሰማው ከበሮ ምንድን ነው? ሠርግ ቤት ሄደሽ ዘፈን አስጀመርሽ በይኛ!»

«ይሳቁብኝ፤ እኔ እዚህ ልሞት ነው።»

«ስሚ፣ አትደንግጪ» አለ ሳቁን ውጦ። «ሲዲውን ስሙን ለውጪውና ኢ በይው። ከዚያ ሲ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቺና ‹ከዛሬ ጀምሮ ዲ ነህ› በይው። አሳይቼሻለሁ አይደል? አምስት ደቂቃ ነው፤ ማንም አያውቅም።»

ረምላ ተመልሳ ተቀመጠች። የሲዲውን ስም ለወጠች፤ ተሳካ። የቀራት አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ጣቷ መጫኛዋ ላይ ደርሶ ቆመ። ምን እንዳስቆመው አላወቀችም፤ ብቻ ሳታስበው አንድ ጥያቄ ከአፏ ወጣ።

«ኣደይ ኣበራሽ፣ ማታ ኮምፒዩተሩን የሚያጠፉት እንዴት ነው?»

«እነቅለዋለሁዋ! ከግድግዳው። እሳት ቢነሣብኝስ?»

«ሌላ ኮምፒዩተር የመግዛት ሐሳብስ አለዎት?»

«መግዛት ለምኔ? የወንድሜ ልጅ ለፋሲካ አዲስ ይልክልኛል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ የሚያመጣውም ሃይላይ ነው። ይሄን አሮጌውን እሱ ይወስደዋል፤ ለዘፈኑ።» ሃይላይ ደረቱን ነፋ። ወይዘሮ ኣበራሽ ግን ድንገት ጠርጠር አሉ። «ፕሮግራምሽ ወደ አዲሱ ይሻገራል አይደል?»

«ይሻገራል» ማለት ቀላል ነበር። አንዲት ቁልፍ ብትጫን ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ አባቷ ያያሉ፤ ኮምቦልቻ ይቀራል። ከዚያስ? ዛሬ ማታ ወይዘሮ ኣበራሽ ሲነቅሉት ማሽኑ አዲሱን ዲውን ይረሳል። እንዳይረሳ አድርጋ ብታስረውም፣ ለፋሲካ አዲሱ ሲመጣ ያቺ ግራጫ ሳጥን እንደገና ቁጭ ትላለች፤ ያውም ሙሽሮች ደጅ ቆመው። በገባበት ቤት ሁሉ «ለእኔ የሚሆን ክፍል ካልሠራችሁልኝ አላድርም» የሚል እንግዳ ማን ይፈልገዋል? ረምላ የሠራችው እንዲያ ያለውን እንግዳ ነው። ይህን ስታስብ ከመፍራት ይልቅ ተናደደች፤ በራሷ ተናደደች።

«አይሻገርም» አለች፣ ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ። «ፕሮግራሙን የሠራሁት ለራሴ ቤት አድርጌ ነው፤ ዕቃውን የሚፈልገው እኔ ቤት ያለ መደርደሪያ ላይ ነው። እርስዎ ቤት ያ መደርደሪያ የለም። አሁን ባታልለው ይከፈታል፤ ሲነቀል ግን ይረሳል። ጥፋቱ የኮምፒዩተርዎ አይደለም ኣደይ ኣበራሽ፣ የእኔ ነው። ማሠልጠኛው ሄጄ ላስተካክለው።»

ሃይላይ ሲዲውን ከጀርባው ደበቀ።

ወይዘሮ ኣበራሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «አምና አንዱን ድንኳን ለሁለት ሙሽራ ሰጠሁት» አሉ ቀስ ብለው። «አንደኛዋ ፀሐይ ላይ ተዳረች። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኛት ፊቷን ታዞራለች። ይህን ነገር ፈልጌ የተቀበልኩሽ ለዚያ ነው፤ እስከ ትናንት ደብተሬን ወደ ፕሮግራምሽ ስትገለብጪ ሳምንት ሙሉ የታገሥኩሽ ለዚያ ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእሁድ ባለ ሠርጎች ይመጣሉ። እስከዚያ ካመጣሽው አመጣሽው። ካላመጣሽው ግን ረምላ፣ ደብተሬ ይበቃኛል። ሁለተኛ አልሞክርም።»

በስሟ ጠሯት። ረምላ ዞር ብላ አባቷን አየች። ጀላሉ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰባት ተኩል ነው።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሂጂ እንጂ!» አሉ። «እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም። ወንበር እንደሆነ ሞልቷል።»

ሚኒባሱ ሦስት ሰው ጎድሎት ቆሞ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያዛጋ አንድ ጊዜ ይጣራል፣ አንድ ጊዜ ያርፋል። ረምላ ይህን የመሰለ ዕረፍት አልቻለችም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ በመስኮቱ ብቅ አለችና፣ «መሀል ከተማ! የሞላ፣ የሞላ! መሀል ከተማ!» እያለች ትጣራ ጀመር።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እንጀራዬን ልትነጥቂኝ ነው?» አለ ረዳቱ ደንግጦ።

«አንተ ተኛ፤ እኔ እሞላልሃለሁ» አለች፤ ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። በሦስት ደቂቃ ሞላ። ሾፌሩም ነገሩ ጥሞት ይሁን አዝኖላት፣ ከተለመደው ፈጠን ብሎ ነዳ።

ሔሩይ ደረጃው ራስ ላይ ጠበቃት። ገና ሳትቀመጥ ክርክሩ ተጀመረ።

«ሲ ላይ ይፈልጋ» አለ። «በዕድሜዬ ሲ የሌለው ማሽን አላየሁም።»

«የእርስዎ ሲስ? ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ድራሹ የሚጠፋው ማን ሆነና! እንዲህ የቆለፈ ሌላ ሰው ቢኖርስ?»

«እሺ፣ የት ይሂድልሽ?»

ረምላ ማሽኗን እያስነሣች አሰበች። አባቷ የገጠር ገበያ ሲወጡ የእግር መለኪያዋን እንጨት ለብቻ ይዘው አያውቁም፤ ከጫማው ጋር በአንድ ጆንያ ያስሯታል። ሸቀጡ የደረሰበት መለኪያው ደርሷል። ከማንም ባለ ሱቅ መለኪያ ሲለምኑ ታይተው አያውቁም።

«የትም አይሂድ» አለች። «አብራው ትዙር። ፋይሏ እሱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ትሁን፤ ሲነሣ ‹እኔ ራሴ የት ነው ያለሁት?› ብሎ ይጠይቅና እዚያው ከጎኑ ያንብባት። ሲ ይሁን፣ ዲ ይሁን፣ ፍላሽ ይሁን፣ ምን ቸገረው?»

ሔሩይ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። መምህር ነውና በቀላሉ አይረታም። «እዚህ ስትሠሪስ? አንቺ የምትሞክሪበት ፋይል የሚያመለክተው ያንን የፈጠራ ዝርዝርሽን ነው። አሥራ ሁለት ሠርግ ጽፈሽበታል፤ የአሥራ ሁለቱም ሙሽራ እኔ ነኝ። ያ አብሮ ሾልኮ ቢሄድና ወይዘሮዋ ቢያዩት ምን ይላሉ?»

ረምላ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «ስም አጥቼ ነው እኮ መምህር!»

«ስም አጥተሽ አሥራ ሁለቴ ዳርሽኝ። መልሺልኝ እንጂ።»

«እሺ። ለእኔ ለሠሪዋ አንዲት የጓሮ በር ልተውለት። ሳስነሣው በእጄ ቦታ ጽፌ ከሰጠሁት መጀመሪያ እዚያ ይሂድ፤ መሞከሪያዬ እዚያ ትቀመጣለች፤ ከእኔ ማሽንም አትወጣም። ምንም ያልነገርኩት ዕለት ግን ከራሱ ጎን እንጂ ሌላ ቦታ እንዳይረግጥ። ከጎኑ ካጣት ደግሞ እንደ ዛሬው ‹ዲስክ አምጡ› እያለ አይቀባጥር። ‹ፋይሏን እዚህ ቦታ ፈለግኳት፤ አጣኋት› ብሎ ቦታውን ጠርቶ እንደ ሰው ይናገር።»

ሔሩይ ሊቃወም ጣቱን አነሣ። ጣቱን መልሶ ኪሱ ከተተው። «የተዳርኩበት ዝርዝር እዚህ ይቀራል ማለት ነው?»

«እዚህ ይቀራል።»

«እሰይ። ሚስቴ እንዳታየው ብቻ።»

ሥራው እንደ ወሬው ቀላል አልነበረም። ዲ የሚለው ፊደል በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ቁንጫ ተደብቋል፤ አንዱን ስታወጣ ሌላው ከታች ብቅ ይላል። ዘጠኝ ቦታ አገኘችው። አንዱ ድንኳን ሲመለስ በሚጻፍበት ገጽ፣ አንዱ ወረቀት በሚታተምበት፣ አንዱ ጭራሽ በማትጠቀምበት ቦታ። እየነቀለች ስትሄድ ልቧ እየቀለለ፣ እጇ እየፈጠነ መጣ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ።

ከዚያ ሌላ ችግር መጣ፤ በዚያ ቤት ዲ የሌለው ማሽን የለም። በምን ትሞክረው? ሔሩይ አላመነታም። የራሱን ሕግ በራሱ እጅ ሻረና ዘጠኝ ቁጥር ማሽን ላይ ዲን ደበቀባት። ማሽኗ ላይ የነበረው ተማሪ ጮኸ። «መምህር! ቤታችን የት ገባ?»

«ዛሬ ኪራይ ቤት ነህ፤ ተነሥ» አለው ሔሩይ።

ፕሮግራሙን ከፍላሹ ላይ አስነሡት፤ ተከፈተ። ዴስክቶፕ ላይ ጣሉት፤ ተከፈተ። ፎልደር ውስጥ፣ በፎልደሩ ውስጥ ባለ ፎልደር ውስጥ ቀበሩት፤ ተከፈተ። ፋይሏን ነጥለው ሸሸጉበት፤ የት ፈልጎ እንዳጣት ቦታውን ጠርቶ ተናገረ። ረምላ ያለ ልማዷ መምህሯን እጁን ጨብጣ ነቀነቀችው።

ሔሩይ ፍላሹን ነቅሎ መዳፏ ላይ ሲያስቀምጥላት ፊቱ ቀልድ አልነበረበትም። «ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «ያ ሕግ ለዚህ ቤት ነው የወጣው፤ ለአገር አልነበረም። ይህን ግን ለአንዳችሁም ነግሬያችሁ አላውቅም። ከነገ ጀምሮ እነግራቸዋለሁ። አሁን ሩጪ፤ አሥር ከሩብ ሆኗል።»

ሓድነት ስትደርስ ግቢው ተቀይሯል። ባለ ሠርጎቹ ቀድመው መጥተዋል፤ የሙሽራ አባት፣ የሙሽራ አክስት፣ ድስት አንኳኩተው ካልሰሙ የማያምኑ ሴቶች፣ ሁሉም በአንድ አፍ ያወራል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል፤ ወይዘሮ ኣበራሽ መነጽራቸውን አድርገዋል። ጀላሉ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማያውቁ ሰው ናቸውና፣ ከሃይላይ ጋር ወንበር እየመረጡ እግሩ የላላውን ወደ አንድ ጎን ይጥላሉ። «ይሄን ለማንም አትስጥ፤ ወፍራም ሰው ቢቀመጥበት ሠርጉ ለቅሶ ይሆናል» ሲሉት ሃይላይ በሳቅ ይፈርሳል።

ረምላ በሰው መሀል ተሽሎክልካ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ፍላሹን ዘረጋች።

ወይዘሮ ኣበራሽ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት፤ ሰዓቱንም አዩ። «ሕራይ» አሉ። ይሁን ማለታቸው ነው። ደብተሩን ዘጉ፤ አላነሡትም ግን። «የት ላስቀምጠው?»

«የፈለጉበት።»

«ሲ ላይ ነው? ወይስ ያ ዲ የምትዪው?»

«የፈለጉበት ያስቀምጡት ኣደይ ኣበራሽ» አለች ረምላ። ይህን ስትል ማውዙን ነጥቃ ራሷ ልታደርገው ምንም አልቀራትም። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ያዘቻቸው።

ወይዘሮ ኣበራሽ ከተሰካው ፍላሽ ፎልደሩን እየጎተቱ፣ አንድ ሁለቴ መንገድ ላይ እየጣሉ፣ ስክሪኑን በሞላው የልጅ ልጃቸው ፎቶ አገጭ ሥር አስቀመጡት። ሁለቴ ነኩት። ማሽኑ አሰበ። ረምላ «ቢስሚላህ» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ተከፈተ። በአናቱ «የወይዘሮ ኣበራሽ የሠርግ ዕቃ ኪራይ» ይላል። ከሥሩ ድንኳኖቹ ተደርድረዋል፤ ባዶዎቹ አረንጓዴ፣ የተያዙት ቀይ።

ማንም አላጨበጨበም፤ ለማጨብጨብ ገና አላመኑም። በተለይ ሃይላይ። መጣና ማውዙን ያዘ፣ ዘጋው፣ ፎልደሩን አንስቶ ዘፈኖቹ ያሉበት ውስጥ ከተተው፤ ከፈተ፤ ተከፈተ። ደግሞ አውጥቶ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ወሸቀው፤ ተከፈተ። «ወይ ጉድ! ይሄ አይጠፋም እኮ!» ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሊደብቀው ሲል ወይዘሮ ኣበራሽ እጁን ጠፍ አደረጉት።

«ተው አንተ! ዕቃዬን ታበላሽብኛለህ!»

ዕቃዬን አሉ። ረምላ ሰምታለች፤ በጆሮዋ ብቻ አይደለም የሰማችው።

«አንቺም ዞር በዪ ከዚያ ጓለይ፤ የምቀመጠው እኔ ነኝ» ብለው ወንበሩን ያዙ። ፊት የቆመው አቶ ገብረሃንስ የሚባል ትልቅ ሰው ነው፤ እሁድ ልጁን ይድራል፤ የሚፈልገው ደግሞ ባለ መስመሩን ትልቁን ድንኳን፣ አራት ቁጥርን። ወይዘሮ ኣበራሽ «አራት ቁጥርማ አለ፤ ውሰደው» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን በአንዲት ጣት፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እየፈለጉ፣ ቀኑን ጻፉ። አራት ቁጥር ቀይ ሆነ። አጠገቡ የአያልነሽ ስም አለ።

«እዋይ!» አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ማክሰኞ ዕለት የእሁዱን ለአያልነሽ ሰጥቼዋለሁ ለካ! አምላኬ፣ ዘንድሮም ልደግመው!» ከዚያ ቀና ብለው፣ በደስታ፣ «ገብረሃንስ ወንድሜ፣ አራትን የለህም። ሁለቱን ትናንሾቹን አጋጥሜ እተክልልሃለሁ፤ ሰፊ ነው፣ አትከራከረኝ፣ ኮምፒዩተሩ ብሏል» አሉት። ሰውዬው አጉረመረመ። ቀጥሎ ግን አንገቱን አስግጎ የተያዘውን ቀይ አየና፣ «መቼስ እሱ ካለ» ብሎ ተስማማ። እልልታው ያን ጊዜ ነው የቀለጠው፤ የጠረጴዛ ልብስ አጣቢዋ ናት የጀመረችው።

ከዚያ በኋላ ረምላን የጠየቃት የለም። አንዴ ሁለቴ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች፤ ወይዘሮ ኣበራሽ በክርናቸው ገፋ አደረጓት። ሳህን የሚፈልግ ሳህን ይጠይቃል፤ ድስት የሚፈልግ ድስት፤ ጣቲቱ ኪቦርዱ ላይ ትዞራለች። የምትሠራው አንዳች ነገር አጥታ ወደ ደጅ ወጣች፤ ጀላሉ ተመልሰው የተቀመጡበት የወንበር ክምር ላይ ከአባቷ ጎን ዘላ ወጣች።

«ምነው ወጣሽ? ተበላሸ?» አሉ ጀላሉ።

«የለም አባባ። ያለ እኔ እየሠራ ነው።»

ጀላሉ ወደ በሩ አዩ። ጥቂት አዳመጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ሩቅ አገር ሲደውሉ እንደ ልማዳቸው መጮኽ ጀመሩ።

«አብዱልወዱድ! ሰላም ነው? ቤቱ ሰላም ነው? አልሃምዱሊላህ! ስማኝማ፣ ለሱቁ ሌላ ሰው ፈልግ። አዎ። አትመጣም።» አዳመጡ። «ኧረ ምንም አልሆነችም፣ ወላሂ ደኅና ናት!» እንደገና አዳመጡ፤ ወንድማቸው ብዙ ሳይናገር አልቀረም፣ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ረምላ እንባዋ እየመጣ፣ ሳቋም እየመጣ፣ ወንበሮቹ ላይ ተቀምጣ እግሯን እንደ ልጅ ታወዛውዛለች።

«ማንን? እሷን?» አሉ ጀላሉ፣ ልጃቸውን በዓይናቸው ጥግ እያዩ። «አሁንማ አላቀርብልህም። ሥራ ላይ ናት።»